በሁሉም ላይ የጫንኩት ኮምፓይለር

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3
የፊጂዋ ሱቫ ዝናብ በዝናብ። አዲሱ ኮምፓይለር ሰርቨሩ ላይ ገባ! አሮጌው ኮዴን ወደ ማሽን ቋንቋ እስኪቀይር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር... ሰርቨሩ የጋራ ነው። አዲሱን የፈለገ ሰው፣ በገባ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ጽፎ ለራሱ ብቻ ይጠራዋል። እኔ ግን መጻፉ ሰለቸኝ። ትእዛዟን የሁላችን መግቢያ ፋይል ውስጥ ሸጎጥኳት፤ አሁን የገባ ሁሉ በአዲሱ ይሠራል። ለማንም አልተናገርኩም። በፍጥነቱ ሲደነቁ ልስቅባቸው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5
አብራኝ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ኡናይሲ ፊቷ ጠቁሯል። የማዕበል ስሌቷን እንደገና ብታስነሳው ውሃው መንደራችንን አይነካም አለ። ባለፈው ሳምንት ስሌት ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይገባ ነበር። ትምህርት ቤቱ ይነሳ ወይስ ይቆይ? ዓርብ ለሽማግሌዎቹ የምትነግረው እሷ ናት።
«አጎቴ፣ ምኑን ነካሁት?»
«ባሕሩ ፈርቶሽ ይሆናል።»
ሳቀች። እሷ ምንም አልነካችም... የነካሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
አለቃችን ኤሮኒ ኡናይሲን ሰው ፊት፦ «አንድ ሳምንት ይሰምጣሉ፣ አንድ ሳምንት ይደርቃሉ! በቃ፣ የመጨረሻውን ውጤት ይዘሽ ሂጂ።»
ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እኔም!
የሸጎጥኳትን ትእዛዝ ከመግቢያ ፋይሉ አወጣሁና የልጅቷን ስሌት በአሮጌው አስነሳሁት። ያለፈው አውሎ ነፋስ ያመጣውን ውሃ በትክክል አሰላ። ትምህርት ቤቱ ይሰጥማል። ስሌቷ የቆመበት ላይብረሪ፣ ያ ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ በአሮጌው የተሠራ ነው፤ ከአዲሱ ጋር አልተስማማም።
ገበያ ሄጄ በወጋችን ይቅርታ የሚጠየቅበትን የያንጎና ሥር ገዛሁ። እንደ አባቶቻችን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ፊቷ አኖርኩት። ኤሮኒም እያየ።
«ልደቴ ነው እንዴ አጎቴ?»
«የጥፋቴ ነው።» ሁሉንም ነገርኳት።
መዳፎቿን ጎድጎድ አድርጋ አጨበጨበች። ተቀበለች ማለት ነው።
«ግን የእህትህ ልጅ ነኝ። በወጋችን ካለህ ነገር ያሰኘኝን እወስዳለሁ።»
«ብስክሌቴን እንዳይሆን።»
«ማን ብረቱን ፈለገ? የሰርቨሩን ዋና የይለፍ ቃል።»
ኤሮኒ ሳቀ። እኔ ሰጠኋት፤ ከእንግዲህ የጋራውን ፋይል የምትነካው እሷ ናት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11
ሽማግሌዎቹ ትምህርት ቤቱ ወደ ኮረብታው ይውጣ ብለዋል። ዛሬ አዲሱን ኮምፓይለር የምትጠራዋን ትእዛዝ መጻፍ ረሳሁ፤ ኮዴ በአሮጌው ይንፏቀቃል። ኡናይሲ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል፦ «ጻፋት እንጂ አጎቴ፣ ጣትህ አይቆረጥም።»
ጻፍኳት። ለራሴ ብቻ።