ሞተር ይጥፋ

ኅዳር 9፣ ጠዋት

ከነጫማዬ ነው ያደርኩት። ክንዴ አልታዘዝ ብሏል። ወደ ፍርስራሹ ልመለስ ነው። ትናንት ከተማችን መሃል ያለው አልጋ ቤት ውስጥ ቦንብ ፈነዳ፤ ፎቁ ምድር ቤቱ ላይ ተደረመሰ። ሰው ልናወጣ ስንሮጥ ፖሊሶች ሌላ ቦንብ እንዳይኖር ልንፈትሽ ብለው አገዱን። ሰደብናቸው። ለካስ ልክ ነበሩ፤ በሩ ጥግ ሁለተኛ ተገኘ። ማስታወሻዬ፣ ይህን ያዝልኝ።

ከሰዓት

ሞተር ይጥፋ፣ ሰውም ዝም ይበል አልኩ። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ እኔ ስለሆንኩ ሰሙኝ። ዳር ዳሩን የሚጠርገው ስካቫተር ቆመ። የውኃ ቱቦውን መታን፤ አዳመጥን። ከስር መለሰች። አልጋ አንጣፊዋ የሺ! እግሯ ላይ ኮንክሪት ተጭኗል። በክሪክ ልናነሳው ስንል ነርሷ ሲስተር ሙሉ ከለከለች። መጀመሪያ ፈሳሽ በደም ሥሯ ካልገባ፣ እግሯ ሲለቀቅ ልቧ ሊቆም ይችላል አለች። የሺ ትጮሃለች፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ አላውቅም።

ወጣች። በሕይወት።

ኅዳር 10

አያ እምሩ ዶማቸውን ይዘው ከጋፋት መጡ። ከስር የቀረው የአልጋ ቤቱ ዘበኛ ጌታነህ ልጃቸው ነው። ዝም ባስባልኩ ቁጥር ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ምንም አልሰማሁም።

ኅዳር 12

ዝናብ። ያዘመመው ግድግዳ ድንጋይ ጥሎ የአንዱን ሠራተኛ ትከሻ ሰበረ። በእጅ መፈለጉ ይቁም፣ መሃሉ ላይም ማሽን ይግባ ተባለ። ፊርማው የኔ ነው። ለአባትየው ሌላ ሰው ይንገር አሉኝ፤ እምቢ አልኩ።

«አያ እምሩ፣ በሕይወት ይገኛል ብዬ አላታልልዎትም። ግድግዳው ሌላ ሰው ሳይጨርስ ፍርስራሹን በማሽን ልናነሳ ነው።»

ዶማቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እሺ ልጄ። ብቻ ብረቱ ገላውን እንዳይቆራርጠው። እናቱ ታየዋለች።»

ስካቫተሩ ትልልቁን ኮንክሪት ብቻ እንዲያነሳ አዘዝኩ። ሌላው በእጅ።

ኅዳር 13

አገኘነው። ገላው ደኅና ነው። አያ እምሩ በጋቢያቸው ጠቀለሉት። አላለቀሱም፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ኅዳር 16

የሺ አንድ እግሯን አጣች። ትተርፋለች ይላሉ። አለቆቼ ደግሞ አንበሳሜ ከተማ ሂድና ወጣቶችን ሰው ከፍርስራሽ ማውጣት አሠልጥን ይሉኛል። ከሲስተር ሙሉ ጋር እንሄዳለን። ዛሬ ግን አይደለም። የጌታነህ እናት ማሽኑን ያስገባውን ሰው አምጡልኝ ብለዋል አሉ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ባልደረቦቼ ይቅርብህ፣ ሐዘኑ ይብረድ ይላሉ።

ጋፋት ልሄድ ነው።