የሐጀራ ሰሃን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ዛሬ የምግብ ጥናታችንን ሃያኛ ቤት ጀመርኩ፤ የመጨረሻውን። ከእህል በረንዳ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ናት። ባልየው ዘይኑዲን፣ ኩንታል ተሸካሚ። ሚስቱ ሐጀራ፣ የስድስት ወር እርጉዝ። ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሏቸው።

በየቤቱ የምለውን አልኳቸው። ሰኞና ረቡዕ እመጣለሁ፤ ምሳ ሲወጣ የየሰዉን ሰሃን እመዝናለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ሰዉን ራሱን። የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ምን እንደሚበላ፣ ኪሎው እንዴት እንደሚሆን ነው የምናጠናው። ዘይኑዲን የቀበሌውን ደብዳቤ አገላብጦ አየና፣ ቁጥሩ ቀበሌ ደርሶ የስኳር ኮታችንን ያስቀንስብን ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደርስም አልኩት። አመነኝ? እንጃ።

ሐጀራ 47.5 ኪሎ። ለስድስት ወር ትንሽ ነው...

ምሳ ይብሉ አለችኝ። ደንቡ አይፈቅድም፣ ከምናጠናው ቤት አንበላም አልኳት። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ በላሁ።

ጠዋት እንደ ወትሮው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ነበር የወጣሁት። ሰው ቁርስ እንዲበላ ስመክር እውላለሁ፣ የራሴን ተይው። ሰባት ሰዓት ላይ ራሴን አዞረኝ። የሁሉንም ሰሃን መዝኜ ጨርሻለሁ። ሐጀራ የራሷን ከድና ከመጋረጃው ጀርባ ወሰደችው፤ መቀመጥ ስለማይመቻት ቆይታ እንደምትበላ ነገረችኝ። ትንሽ ቆይታ አበባ ያለበት ሰሃን ይዛ መጣች። ጎመንና ቆጮ።

“ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ። ቅቤ አልነካውም” አለችኝ።

ለእኔ ጾም ሲባል ቤቱ በሙሉ ያለ ቅቤ ሊበላ... እንዴት እምቢ ልበል? ሰሃኑን ጠረግኩት።

ቅጹ ላይ “እንግዳ የበላው” የሚል ቦታ አለ። ባዶውን ተውኩት። አፈርኩ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ዛሬ “እርስዎ” ቀረ። “ሸዋርካብሽ ረጅም ነው፣ ሸዋዬ ልበልሽ” አለችኝ ሐጀራ። ይኸው ሸዋዬ ሆንኩ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ስመጣ ሁሉ ምሳ ታቀርብልኛለች፤ እበላለሁ።

ልጆቹ ሚዛኑ ላይ ተራ በተራ እየወጡ፣ ማን እንደሚበልጥ ሲከራከሩ ዋሉ። ትንሿ ድንጋይ ይዛ ወጣች። ሐጀራ ሆዷን ይዛ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እኔም ስስቅ ቆየሁ። ሰሞኑን ከዚህ ወጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ ከብዶኛል... ቤቴ ምን አለ? አልጋና መጽሐፍ።

ሐጀራ አሁንም 47.5። ለምን አልጨመረችም?

ሰኞ፣ ኅዳር 9

46.5። ሚዛኑን ልኩ በታወቀ የሚዛን ድንጋይ ፈተንኩት። ትክክል ነው። ደግሜ መዘንኳት። ያው።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ መረመራትና ሕመም የለባትም፣ ምግብ ትብላ አለ። ትበላለች እኮ! ወረቀቴ ላይ አለ፤ የአንድ ወር ሰሃኗ በግራም በግራም ተጽፏል። ታዲያ የት ይሄዳል?

ስንመለስ እጄን ይዛ ነበር የምትሄደው። ጋሪ ሲመጣ እኔን ወደ ዳር ትስበኛለች። እርጉዟ እሷ፣ የምትጠነቀቀው ለእኔ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻል ነበር? አይሻልም።

አበባ ያለበትን ሰሃን ጎረቤት ለልቅሶ ተውሷል። ሐጀራ እንደ ሁልጊዜው ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። ሰማያዊ ሰሃን፣ ጠርዙ የተላጠ። ከሩብ ሰዓት በፊት “የሐጀራ” ብዬ የመዘንኩት። ምስሩ እንኳን የፈሰሰበት ቦታ ያው ነው።

“አንቺስ?” አልኳት።

ማታ እበላለሁ አለች። ምን እንደምትበላ ስጠይቃት ባዶውን ድስት ከደነችው።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ስትመጪ ከንፈርሽ ደርቆ ነው የምትመጪው” አለችኝ። “እናትሽ ሩቅ ናት። እንዲያ ሆነሽ እያየሁሽ እኔ እንዴት ይወርድልኛል?”

አንድ ወር ሙሉ ከእርጉዝ ሴት አፍ ስበላ ነበር። የምግብ ባለሙያ... አልቅሼ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ተከትላኝ መጣች፤ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ ወይ እያለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ቁርስ በላሁ። ዳቦ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ለጥናቱ ኃላፊ፣ ለዶክተር ኃይለመለኮት፣ ሁሉንም ነገርኩ። መብላቴን፣ አለመጻፌን፣ ሰሃኑን። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ የሐጀራን ቤት ከጥናቱ ሰረዙ። ተገቢ ነው። ቢሆንም ልቤ ደነገጠ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ።

“በሌሎቹ ቤቶች እናቶቹ ሲበሉ አይተሻል?”

አላየሁም። ሰሃናቸው ሲመዘን ነው ያየሁት። ወደ አሥራ ዘጠኙም ቤት ተመልሼ፣ እናትየው በልታ እስክትጨርስ እንድቀመጥ አዘዙኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ምሳም እራትም እየጠበቅኩ አሥራ ዘጠኙን ቤት ጨረስኩ። በአሥራ አንዱ የእናትየው ሰሃን ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል። ለባል ይጨመራል፣ ለልጅ፣ ከገጠር ለመጣ ወንድም። እኛ ደግሞ “በልታለች” ብለን ጽፈናል። ዶክተሩ ሪፖርቱ ከዚህ ይጀምራል አሉ።

የሐጀራ ቤት ከተሰረዘ ወዲህ ግን የሚከለክለኝ ደንብ የለም። ከአትክልት ተራ ሙዝና ካሮት፣ ከእህል በረንዳ ምስር፣ እንቁላልም ለእነሱ ገዝቼ ሄድኩ። ከጥናቱ መውጣታቸውን ስነግራት ክው አለች። በእኔ ጥፋት ነው ወይ አለችኝ። አይደለም፣ በእኔ በሸዋዬ ነው አልኳት። ዘይኑዲን ዘንቢሉን አይቶ ተኮሳተረ፤ ምጽዋት መሰለው። እዚህ ቤት ስንት ቀን እንደበላሁ ሳስታውሰው ዘንቢሉን ተቀበለኝ።

ምስሩ ሲበስል አንድ ሰሃን ላይ አስወጣሁና እሷን አስቀመጥኳት። እኔ አንድ ስጎርስ እሷ ሁለት፤ ያለዚያ አልበላም አልኩ። ስትስቅ ስትስቅ በላች። በየቅዳሜው እንዲህ እንድናደርግ ተስማማን። ሌላውን ቀን ዘይኑዲን ራሱ በልታ እስክትጨርስ ሊጠብቃት ማለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ከሰዓት በፊት ዘይኑዲንን ከነኩንታል መሸከሚያ ጆንያው መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሐጀራ ሌሊት ሆስፒታል ገብታ ነግቶ ወልዳለች። ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው። እህቴን ጥሩልኝ ብላለች አለኝ። እህቷ አገር ቤት አይደለችም እንዴ ልለው ነበር... ከዚያ ገባኝ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። እህቷ ነኝ አልኩት። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሐጀራን ስም አየ። ዘይኑዲን ከኋላዬ፣ “እህቷ ናት፣ አስገባት” አለው። አስገባኝ።

ሕፃኗ ሦስት ኪሎ ናት አሉ። ሐጀራ ትራሷን ተደግፋ አጥሚት ይዛለች። ገና እንዳየችኝ፣

“ምሳ በላሽ?”

አልበላሁም አልኳት። እውነቴን ነው። ወዲያው ኩባያውን ወደ እኔ ዘረጋችው። መልሼ በሁለት እጇ አስያዝኳት።

“አንቺ ጨርሺ። እኔ ቆይቼ እበላለሁ” አልኩ።

ጠጣች። ኩባያው ባዶ እስኪሆን ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳሁም።