የመዝሙር መምህራችን ዕረፍትና ለሁለት የተከፈለው ኮሌጃችን

ለኮሌጁ መምህራን፣ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ምሩቃን በሙሉ፦

የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ኮሌጃችን የመጀመሪያው የመዝሙር መምህር ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ጠዋት በሞት ተለይተውናል። ኮሌጁ በእጅጉ አዝኗል። ከሐዘኑ ጋር እፍረትም ተሰምቶታልና ሁለቱንም በዚህ መግለጫ ማሳወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል።

መምህራችን ኮሌጁ በተከፈተበት ዓመት ተቀጥረው፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በአራት ድምፅ የመዘመር ልማዳችንን ተከሉ። አዲስ ገቢ ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየሰሙ እንደ ድምፃቸው ቅጥነትና ውፍረት ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር ወይም ቤዝ ብለው ይመድቡ ነበር። መነሻ ድምፅ ለመስጠት ጉልበታቸው ላይ ከሚመቷት ባለ ሁለት ጣት ብረት የተነሳ ተማሪዎች «ጋሼ ሹካ» ሲሏቸው ሳይቀየሙ አቤት ይሉ ነበር።

ከምሳ በኋላ መምህርና ተማሪ አብረው ሳህን እያጠቡ የሚዘምሩትም በእሳቸው አነሳሽነት ነው። ከጌታ እራት በፊት በሚደረገው የእግር መተጣጠብ ሥርዓት ደግሞ «የተጣላችሁትን ፈልጉ፤ ከወዳጁ ጋርማ ማንም ይታጠባል» እያሉ ጥንዶቹን ራሳቸው ያገናኙ ነበር።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ኮሌጁ ለጸሎት አዳራሹ ፒያኖ ገዛ። ይግባ፣ አይግባ በሚል ለሁለት ተከፈልን። የሰላም ጥናት ክፍላችን ከሁሉም ቀድሞ ተከፈለ፤ እንዲያስታርቅ የተሰየመው ኮሚቴም ሁለት ኮሚቴ ሆኖ አረፈ። ሶፕራኖና ቴነር ከፒያኖው ጋር በአዳራሹ ቀሩ፤ አልቶና ቤዝ ወደ መመገቢያ ክፍል ሄዱ። ዘንድሮ እግር የተጣጠብነው በሁለት ክፍል፣ እያንዳንዳችን ከየወገናችን ጋር ነው።

መምህራችን ሆስፒታል ሲገቡ ሁለቱም ወገኖች ሊጠይቋቸው ሄደዋል። ሆኖም አንዱ ሲገባ ሌላው ኮሪደሩ ላይ ፊቱን አዙሮ ይጠብቅ ነበር። «እስቲ አንድ ጊዜ አብራችሁ ዘምሩልኝ» ብለው ለምነውናል። እሺ አልን፤ ቀን ለመቁረጥ ስንጓተት አመለጡን። ለሰላም ቆሜያለሁ በሚል ተቋም ውስጥ ይህ መፈጸሙ አንገታችንን አስደፍቶናል።

ነገ በሚፈጸመው ቀብር ላይ ለመዘመር ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ባለቤታቸውን ጠይቀው የሚከተለው መልስ ተሰጥቷቸዋል፦ «ግማሽ ግማሹን ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ። እሱ አልጋ ላይ ሆኖ የለመናችሁን ነው እኔም የምለምናችሁ። አራቱም ድምፅ ካልመጣ ሳይዘመርለት ይቀበራል።»

ስለሆነም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ፊት ለፊት፣ ደጅ ላይ፣ የጋራ ልምምድ ይደረጋል። ይህ መግለጫ እስከወጣበት ሰዓት ድረስ እንመጣለን ያሉት ሶፕራኖዎችና ቤዞች ብቻ ናቸው። የቀሩትን እየጠበቅን ነው።

ኮሌጁ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ነገ ከመካከላችን አንድ ድምፅ ከጎደለ ግን አፋችንን አንከፍትም፤ ከለቀስተኛው ኋላ ቆመን፣ እሳቸው ካስተማሩን መዝሙር አንዱንም ሳንዘምርላቸው አፈር ሲለብሱ እናያለን።