አባትሽ ፊልሙን ያጠበ ዕለት

ልጄ ሬትኖ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። እኛ እዚህ ማላንግ ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን ጣሪያውን አበላሽቶታል። አባትሽ ሰኞ ዓይኑን ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ማየት መቻሉን እርግጠኛ አይደለም።

ትናንት በአሮጌ ካሜራው ያነሳበትን ባለቀለም ፊልም ሳላጥብ ሆስፒታል አልሄድም ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባ። የሙቀት መለኪያውን ማንበብ ስላቃተው እኔ አጠገቡ ቆምኩ። መሃል ላይ መብራት ጠፋና የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ማሞቂያ ቆመ። ጋዝ ላይ ውሃ አፍልቼ የመድኃኒቱ ጠርሙሶች የተነከሩበት ባልዲ ውስጥ ጨመርኩ።

«ሙቀቱ ወረደ እንዴ? ከቀዘቀዘ ቀለሙ ይበላሻል!» አለ አባትሽ።

«አትጩህብኝ! እንደ ሰው ፎቶውን በስልክ አታነሳም ነበር?»

የማጠቢያ ዕቃውን ማገላበጡን ቀጠለ።

ሲጨርስ ፊልሙን መስኮቱ ጋ ይዤ አየሁት። ገና ኔጋቲቭ ስለሆነ ቀለሙ ቢገለበጥም ራሴን አወቅሁ። ከዳር እስከ ዳር እኔ ነኝ፤ የአኩሪ አተር ቴምፔ ስጠብስ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ፀጉሬ ተንጨባሮ።

«ወጥቷል?» አለኝ።

«ወጥቷል። ምነው እንዲህ ሆኜ ታነሳኛለህ?»

«በስልክ ቢሆን አሳየኝ ብለሽ ፎቶውን ታስጠፊኝ ነበር።»

ፊልሙን እንዲደርቅ ሰቀልኩት፣ ልጄ። ሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይገባ ደውዪለት፤ ስለ ዓይኑ ሳይሆን ስለ ፎቶው ጠይቂው። አላህ እሱንም አንቺንም ለዓይነ ሥጋ ያብቃችሁ።

እናትሽ