የእትዬ ወርቄ እህት መቃብር

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017፣ ገዳሪፍ

አልሐምዱሊላህ፣ መቃብሩ አለ። ሰሞኑን ሲከብደኝ የከረመው ነገር ዛሬ ቀለለኝ።

እትዬ ወርቄ የአባቴ የጎንደር ጎረቤት፣ ቤተ እስራኤል ናቸው። የዛሬ አርባ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም ለመሻገር በእግር እዚህ ሱዳን መጥተው ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ተራ ሲጠብቁ ታናሽ እህታቸው የሺ ታማ ሞተችባቸው። ባለፈው ወር ከእስራኤል ደውለው፣ "ልጄ፣ አንተ ቅርብ ነህና እስኪ መቃብሯን እይልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ግን ቦታው ለማሽላ ታርሶ ቢሆንስ? ምን ብዬ ልነግራቸው ነው?

ዛሬ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። መቃብሩ ያለበት እርሻ ባለቤት ዐም ዑስማን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ራሳቸው መርተው ወሰዱኝ። ከታጨደው ማሽላ መሐል የድንጋይ ክምሮች ያሉበት ያልታረሰ መሬት አለ።

"አባቴ ትራክተር እዚህ እንዳይገባ ተናዞ ነው የሞተው" አሉኝ። "እንግዶቻችን ናቸው።"

እትዬ ወርቄ እንደነገሩኝ ከግራሩ ዛፍ በስተምሥራቅ ሦስተኛውን ክምር አገኘሁና እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

"አለ፣ እትዬ። ማንም አልነካውም።"

"ያኔ ቤተ እስራኤል መሆናችን እንዳይታወቅ ብለን ድምፅ አውጥተን አላለቀስንላትም። ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስቀምጥልኝና ራቅ በልልኝ" አሉ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀምጬ ከዐም ዑስማን ጋር ግራሩ ሥር ቆምኩ። ለቅሷቸው እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። ስልኩን ባትሪው እስኪያልቅ አላነሳሁትም።