ኤክስቦክስ ቤታችን የገባ ሰሞን

ጥር 4፣ ረፋድ
አቧራ እየጠረግሁ ነው። የሰበታ አቧራ ለጌም ማሽን አይራራም። ወንድሜ ዳዊት ከቡራዩ ኤክስቦክስ ገዝቶ መጣ። ፕሌይስቴሽን ጊዜው አልፏል ይላል። ማስታወሻዬ፣ ለአንተ እውነቱን ልንገርህ። አባታችን ይህን ጌም ቤት የከፈተው በፒኤስ ቱ፣ በድሮው ፕሌይስቴሽን ነው። ዛሬም ይሠራል፣ የጆይስቲኩ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሎ። ፒኤስ ትሪ ስንገዛ ምስሉ ጠራ፤ የእኛው ግን የድሮዎቹን ዲስኮች አያነብም። ፒኤስ ፎርም ቢሆን የፒኤስ ትሪን ዲስክ አይወስድም። ኤክስቦክሱ ከቀድሞዎቹ ኤክስቦክሶች ጌም ብዙውን ያጫውታል። በዚህ ይበልጣል። ጆይስቲኩ ግን ባትሪ ድንጋይ ይበላል።

ጥር 6፣ ከሰዓት
ተጫዋቹ ለሁለት ተከፈለ። ለንጮ ኤክስቦክሱን ሞከረ። የጎረቤታችን የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ነው፤ በኳስ ጌም ሰፈር ውስጥ የሚያሸንፈው የለም። ዛሬ ተሸነፈ። ጣቱ የለመደው ቦታ ላይ ሌላ ቁልፍ ነው ያለው። ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው ብሎ ጆይስቲኩን ወረወረ። የዳዊት ፊት ጠቆረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

ጥር 9፣ አመሻሽ
ለንጮ ተመታ።
ውድድር ነበረን። ለንጮ በፒኤስ ፎር ካልሆነ አልጫወትም አለ። ዳዊት በኤክስቦክስ ነው አለ። ለንጮ ሳቀበት፤ ሰውም አብሮ ሳቀ። ዳዊት የፒኤስ ቱውን ጆይስቲክ አንስቶ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለና ወነጨፈው። ዓይኑን አገኘው። ለንጮ ወደቀ። በዚህ አልበቃውም። በበርጩማ ደገመው፣ ደጋገመው። ክንዱን ስይዘው እኔንም በጥፊ አጋየኝ። ስክሪኑ ላይ ደም። ጌሙ ግን አልቆመም፤ ውስጡ ያለው ተመልካች ይጨፍራል።

ጥር 10፣ ጠዋት
የለንጮ ጓደኞች ድንጋይ ይዘው መጡ። መስኮቱን፣ ስክሪኑን፣ ፕሌይስቴሽኑን፣ ኤክስቦክሱን፣ ሁሉንም አደቀቁት። ደስ አለኝ። ከዚያ አለቀስኩ። ዳዊት ፌሮ ብረት ይዞ ሊከተላቸው ሲል በሩን በጀርባዬ ዘጋሁ። ብረቱን እኔ ላይ አነሳ። ጎረቤት ደርሶ ባይነጥቀው ኖሮ…

ጥር 11
ኦቦ ቶሎሳ መጡ። አካም ጂርታ ብለው ደህንነቴን ጠየቁኝ፣ እንደ ወትሮው። የለንጮ ግራ ዓይን ጠፍቷል፤ ሐኪሞቹ ተስፋ የለውም ብለዋል። ፖሊስ ጠይቆ የለቀቀው ዳዊት ደግሞ የሰጠው ቃል ሌላ ነው። ግብግብ ሲይዙ ለንጮ ወድቆ ጠረጴዛ መታው ብሏል።
“አንቺ እዚያ ነበርሽ ልጄ?”
“ነበርኩ አባባ።”
“ያየሽውን ትናገሪያለሽ?”
የመስኮቱን ስብርባሪ መጥረግ ጀመርኩ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 12፣ ጠዋት
ዳዊት አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁ ለስላሳ። ወንድምሽ ነኝ አለ። ዝም ካልሽልኝ ቤቱን እንደገና እንከፍታለን፣ አንቺ እንደምትወጂው በፕሌይስቴሽን፣ ፒኤስ ፋይቭ እገዛለሁ አለኝ። ያበጠ ጉንጬን እያየ ነው እንዲህ የሚለኝ። ስለ ለንጮ ዓይን አንዲት ቃል አልወጣውም።
ፈራሁት። ጠላሁት። ወንድሜም ነው።
ጫማዬን አድርጌአለሁ። ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ነው። በርጩማውን እናገራለሁ፣ ጥፊውንም። ዳዊት ከጓዳ ስሜን እየጠራ ነው። አልመልስለትም።