ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ኢንተርኔት

ሸዋሮቢት፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዛሬ ጠዋት ሰባት ኩንታል ማሾ ገባ፤ አምስቱ ወዲያው ተሸጠ።

ለልጄ ለአሪፋ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ትምህርቱና የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ጠጋኙ ኪሩቤል የሱቁንና የአባትሽን ክፍል ኮምፒውተሮች በኬብል አገናኘልን። አባትሽ ከታመመ ወዲህ ወደ ሱቁ ብቅ ስለማይል፣ ዜና የሚያይበት ኢንተርኔትም የሽያጭ ፋይሉም አልጋው ድረስ ይሂድለት ብዬ ነው። ብቻ እኔ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ሳጥን አቧራ እንዳይነካው በዳንቴል ሸፍኜ ሱቁ ውስጥ ያለው ቡፌ ውስጥ ቆለፍኩበት። በዚህ ሙቀት ጋለና ሁሉም ነገር ተቋረጠ።

ለኪሩቤል ልደውል ስል ከኋላዬ፣ "ዘምዘም፣ ዜናዬን ምን አደረግሽው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አባትሽ ግድግዳውን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ቡፌውን አስከፍቶኝ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አነሳ።

"ሙሽራ ነው እንዴ የሸፈንሽው?"

"አቧራው እኮ…"

"ይልቅ ወንበር አምጪልኝ። የማሾውንም ዋጋ ተሳስተሽ ነው የጻፍሽው፤ እዚያ ሆኜ አይቼዋለሁ።"

ዋጋው ትክክል ነበር፤ ግን አልተከራከርኩትም። እስከ ዙሁር ሶላት ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ አረፈደ። ስለዚህ ለአባትሽ ሰግተሽ ፈተናሽን ትተሽ እንዳትመጪ፤ ተረጋግተሽ ተማሪ።

አብረውሽ ላሉት ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ በዱዓሽም አትርሺን።

እናትሽ ዘምዘም

ነገ ጠዋት አናጢው ዘንድ ሄጄ፣ ከአባትሽ ክፍል እስከ ሱቁ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ እንዲሠራልን አዝዛለሁ።